ኳሷ ከልጄ ራስ በላይ እየነጠረች ተቸገርኩ

ሰላም ለሁላችሁ። የ6 ዓመት ልጄንና የ8 ዓመቱን የእህቴን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴኒስ ላስተምር ብዬ ተነስቼ ነበር። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል። የገዛሁት ደግሞ የአዋቂ ቢጫ ኳስ ነው። ቀስ አድርጌ ብወረውርላትም፣ መሬት ነክታ ስትነሳ ከልጄ ግንባር በላይ ታልፋለች። ልጄ ራኬቷን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ኳሷን በዓይኗ ትሸኛታለች። ባለፈው "እማዬ፣ ይቺ ኳስ አትወደኝም" አለችኝ። ሳቅኩ እንጂ አንጀቴን በላችው።

ለዕድሜያቸው የሚመከረው ቀዩ ኳስ እንደሆነ አውቃለሁ። ከቢጫው 75 በመቶ ያህል ይዘገያል፤ በእሱ የሚጫወቱበት ሜዳም ርዝመቱ 11 ሜትር ብቻ ነው። ግን የጠየቅኳቸው ሱቆች ሁሉ መልሳቸው "የለም" ነው። አንዱ ሻጭማ ቢጫውን ቀይ ልቀባልሽ አለኝ (የምሬን ነው!)። ራኬቱም የወንድሜ ነው፣ ባለ 27 ኢንች የአዋቂ። ለልጅ የሚሆን ባለ 21 ፈልጌ አጣሁ።

እስኪ የሞከራችሁ ንገሩኝ። የስፖንጅ ኳስ ይሆናል? አየሩ የወጣለት አሮጌ ኳስስ? ትልቁ ልጅ ደግሞ መምታት ስለለመደ ተራ መጠበቅ ይሰለቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት ላጫውታቸው? መረብ የለንም፤ በሁለት ወንበር መካከል የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥረን ነው የምንጫወተው።