የፓልም መጭመቂያ ለኑግ ይሆናል? (ኮምቦልቻ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምዕራብ አፍሪካ የሚሠራ ወንድሜ የፓልም ዘይት መጭመቂያ ቪዲዮ ላከልኝ። ዙሪያውን የተበሳ በርሜል ነው። ከላይ ወፍራም ብሎን አለው፣ ሁለት ሰው እየዞረ ያጠብቀዋል። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ዋጋ ጠየቅኩ፣ ከኤክስፔለር (ውስጡ በሚሽከረከር ብሎን እየጨመቀ ዘይት ከሚያወጣው ማሽን) በጣም ይረክሳል። ኑግ ልጨምቅበት አስቤያለሁ። በሰው ፋንታ ዲናሞ ብገጥምበትስ? ብረት ሳልገዛ ንገሩኝ።

የቶርኖ ሰው፦
ዲናሞውን እርሳው ወንድሜ። በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው። በማርሽ ብታዘገየው እንኳ ብሎኑ ጫፍ ሲደርስ የሚያቆመው ከሌለ ወይ ጥርሱን ይልጠዋል፣ ወይ ፍሬሙን ያጣምመዋል። ሰው ሲያጠብቅ ክንዱ ይነግረዋል፣ ዲናሞ ምን ያውቃል! ጉልበት ለመቀነስ በብሎኑ ቦታ የጭነት መኪና ክሪክ ይሻልሃል። በርሜሉን ግን አታስፋው። ባለ 20 ቶን ክሪክ 20 ሳንቲም ስፋት ባለው በርሜል ውስጥ በካሬ ሳንቲም 60 ኪሎ ያህል ይጫናል። ስፋቱን 30 ካደረግከው ከ30 ኪሎ በታች ይወርዳል። ብዙ ኑግ ይይዝልሃል፣ ዘይቱ ግን ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል።

ፓልም አገር የኖረ፦
ክሪኩም ቢሆን ለኑግ ብዙ አያዋጣም። የፓልም ዘይት ያለው ለስላሳው የፍሬው ሥጋ ውስጥ ነው። ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ በትኩሱ ይጨመቃል። መቀቀሉ ለማለስለስ ብቻ አይደለም፣ ዘይቱን የሚያበላሸውን ኢንዛይምም ይገድላል። መሀል ያለው ጠንካራ አስኳልም ዘይት አለው፣ በዚያ በርሜል ግን አይወጣም። ተሰብሮ ለብቻው ሌላ ማሽን ውስጥ ይገባል። ኑግ የሚመስለው ያንን አስኳል እንጂ ሥጋውን አይደለም።

ከሐይቅ፦
እናቶቻችን አምሰው፣ ወቅጠው፣ በሙቅ ውኃ እያሹ ያወጡት የለ እንዴ? አምሰህ አስፈጭተህ ጨምቀው፣ ይወጣል።

የደሴዋ ዘይት ጨማቂ፦
ይወጣል፣ ለቤት። ለገበያ ከሆነ ኤክስፔለር ይሻላል። እስኪጠቁርም አትመሰው፣ ዘይቱ ያራል። ሞቅ ካለ ይበቃል። ኑጉን በወንፊት ንፋው፣ ማግኔትም አሳልፍበት። አንዲት ሚስማር ዎርሙን፣ ማለትም የኤክስፔለሩን የሚሽከረከር ብሎን፣ ትጨርሰዋለች። ማሽኑ ሳይሞቅ ፋጉሎው የሚወጣበትን አፉን አታጥብቅ። ፋጉሎው ሲወጣ በጣትህ ያዘው። ቀጭን ሆኖ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው። ከታጠፈና ጣትህን ካወዛው ገና ዘይት አለበት። ዋናው ራስ ምታት መብራት ነው። ድንገት ሲጠፋ አፉን አላልተህ ቶሎ አጽዳ፣ ውስጡ ከደረቀ በመዶሻ ነው የምታወጣው። ዘይቱን አስረግተህ በጨርቅ አጥልል። የመዳብ ወይም የነሐስ ቧንቧ አትግጠምበት፣ የኑግ ዘይት ቶሎ ይበላሻል። ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተህ ጨለማ ቦታ አስቀምጥ።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ እህቴ። በርሜሉን ትቼዋለሁ። ሁለተኛ እጅ ኤክስፔለር አለ ተብያለሁ፣ ግን ስሪ ፌዝ (ለትልልቅ ማሽን የሚሆን ባለ ሦስት መስመር መብራት) የለኝም።

የቶርኖ ሰው፦
አብሽር፣ በናፍጣ ሞተርም በቺንጋ ይሠራል። ዎርሙን አስወጥተህ ሳታይ ግን ብር እንዳትሰጥ። ጠርዙ ተበልቶ ከሆነ በብየዳ ይሞላል፣ የብየዳውን ግን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።