ፖሊፕ ወጥቶልኛል፤ ወደ ካንሰር ይሄድብኝ ይሆን?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። 48 ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ቱቦ ማየት) ተደርጎልኝ ከትልቁ አንጀቴ ሁለት ፖሊፕ፣ ማለትም በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እብጠት፣ ወጣልኝ። ሐኪሙ «አዴኖማ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ግን ቢቆይ ሊሆን ይችል ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ተመለስ» አለኝ። ጓደኛዬ ግን ያው ፖሊፕ ወጥቶለት ከ7 ዓመት በኋላ ነው የተቀጠረው። የእኔ ለምን አጠረ? የደበቁኝ ነገር አለ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ነርሷ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ የተደበቀ ነገር የለም። ቀጠሮውን የሚወስነው የፖሊፑ ብዛት፣ መጠንና የላቦራቶሪ ውጤቱ ነው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በወጣው መመሪያ፣ ከ10 ሚሊሜትር ያነሱ አንድ ወይም ሁለት ተራ አዴኖማዎች ብቻ ከተገኙ ቀጠሮው ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው። አንዱ እንኳ 10 ሚሊሜትር ከሞላ፣ ወይም ወረቀቱ ላይ «ቪለስ» (ጣት መሰል አበቃቀል ያለው) ወይም «ሃይ ግሬድ ዲስፕሌዥያ» (ሴሎቹ በጣም የተለወጡ፣ ካንሰር ግን ያልሆኑ) የሚል ካለ 3 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ የላቦራቶሪ (ፓቶሎጂ) ውጤትህን ቅጂ ጠይቅና እጅህ ይግባ።

ተጠርጎ የወጣው ፖሊፕ ተመልሶ ካንሰር አይሆንብህም። አንጀትህ ግን አዲስ ሊያበቅል ይችላል። አዲሱ ደግሞ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል። ክትትሉ ቀድሞ የሚደርሰው በዚያ መሀል ነው። ደም ካየህ፣ ያለምክንያት ከከሳህ ወይም የሰገራህ ሁኔታ ተለውጦ ከቆየ ግን 3 ዓመቱን አትጠብቅ።

በዚሁ ያለፍኩ፦
እኔ ሁለቴ ታይቻለሁ። በመጀመሪያው ከምርመራው በፊት አንጀት ለማጥራት የሚጠጣውን መድኃኒት ግማሹን ተውኩት። አንጀቴ ስላልጠራ በቅጡ ማየት አልቻሉም፤ ሁሉንም ከሀ ጀመርኩ። አደራ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ቀዝቀዝ ሲል ይሻላል። ቀይ ጭማቂ ተው፣ ደም ይመስላቸዋል። ተልባና ሰሊጥም ከቀናት በፊት ይቅር። ሲጋራ ካለህ ደግሞ ዛሬውኑ ተወው፤ ፖሊፕም ካንሰርም ያመጣል።

ከአዲስ አበባ፦
እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ወንድምና እህቶችህ ያውቃሉ? አባቴ ደም እያየ ለዓመታት «ኪንታሮት ነው» ይል ነበር። ሲታወቅ መሽቶ ነበር። እኛ ቤት ስለዚህ ነገር ማውራት ነውር ነበር። አንተ አትፈር፣ ንገራቸው።

ነርሷ፦
እውነቷን ነው። ፖሊፕህ 10 ሚሊሜትር ከሞላ ጉዳዩ እነሱንም ይነካል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው አዴኖማ ከ60 ዓመቱ በፊት የተገኘበት ሰው ወንድምና እህቶች ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ፣ ወይም እሱ ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ይመረመራሉ። አንተ በ48 ስለተገኘብህ እነሱ ከ38 መጀመር አለባቸው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ትልቁ 12 ሚሊሜትር ነው። ለካ 3 ዓመቱ ለዚህ ነው። ማታ ደሴ ያለችው እህቴ ጋ ደወልኩ። 44 ዓመቷ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔም ደም ካየሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኪንታሮት መስሎኝ» አለችኝ። ሐሙስ ሐኪም ጋ ትሄዳለች። ውጤቷን እዚሁ እነግራችኋለሁ።