ሲኒየር ዴቨሎፐሮቻችን ለሪሞት ሥራ እየለቀቁ ነው፤ ምን ብናደርግ ይቆያሉ?

ሜክሲኮ_ባክኤንድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የቴክኒክ ቡድኑን እመራለሁ። ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሒሳብ ሲስተም ነው የምንሠራው። ቁጠባ መመዝገብ፣ ብድር መልቀቅ፣ ወለድ ማስላት፣ ክፍያውን ከቴሌብርና ከባንኮች ጋር ማገናኘት። ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ሳንቲም ከተዛባ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም በማለዳ ነው የሚደውለው።

ችግሬ ይሄ ነው። የወለድ ስሌቱን የጻፈው ሲኒየር ዴቨሎፐራችን ባለፈው ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባ። ጀርመን ላለ ድርጅት ከቤቱ ሆኖ ሊሠራ ነው። ከእሱ በፊትም ሁለት ጎበዝ ልጆች በዚሁ መንገድ ሄደውብናል። ወር በመጣ ቁጥር ሌሊት ላይ የሁሉም አባላት ወለድ በአንዴ ይሰላል። ስሌቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ከየት መቀጠል እንዳለበት አጥርቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሰነድ አለን፤ ግን ከኮዱ ጋር ከተለያየ ቆይቷል።

ሥራ አስኪያጃችን «ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚለቅ ሰው ቅጣት የሚከፍልበት ውል እናስፈርም» ይላል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። በዶላር ከሚከፍል ጋር ደግሞ መፎካከር አንችልም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ። ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ሲያልፍ፣ በዶላር የሚከፈለው ሰው ምንም ሳይጨመርለት ገቢው ወደ እጥፍ ተጠጋ። የእኛ ደንበኞች ግን የፈረሙልን በብር ነው።

እናም ለቃችሁ የሄዳችሁ፣ ምን ቢደረግላችሁ ትቆዩ ነበር? ሰው ማቆየት የቻላችሁስ ምን አድርጋችሁ ነው? ደመወዝ የቻልነውን ያህል እንጨምራለን። ከዚያ ያለፈውን ንገሩኝ።

ጎሮ_ከቤት

እህቴ፣ እኔ ከለቀቁት አንዱ ነኝ። አሁን ለውጭ ድርጅት ከቤቴ እሠራለሁ። ገንዘቡ አልሳበኝም ብል ውሸት ነው። ሲቪዬን መላክ የጀመርኩት ግን ስለ ገንዘብ ሳስብ አይደለም።

የድሮ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ቀኔ ምን ይመስል እንደነበር ልንገርሽ። ጠዋት አንድ ፊቸር (የሶፍትዌሩን አዲስ ክፍል) እጀምራለሁ። ገና ሳልሞቅ ደንበኛ ይደውልና «ደረሰኝ አልታተመልኝም» ይላል። «አንተ ታውቀዋለህ፣ ሄደህ እየው» እባላለሁ። ታክሲ ተሰልፌ መርካቶ እሄዳለሁ። ስመለስ ቀኑ አልቋል። ከዓመታት በኋላም ሥራዬ ያው ነበር። ኮዴን ከፍቶ «እዚህ ጋ ሁለት ሰው እኩል ክፍያ ቢልክ ሒሳቡ ይደራረባል፣ ቆልፈው» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ቢሠራ ይበቃል። አዲሱ ሥራ ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያ ኮዴ አስተያየት በአስተያየት ሆኖ ተመለሰልኝ። አንድ በአንድ አነበብኩት። በጣም ነበር ደስ ያለኝ። የጻፍኩትን ቁም ነገር ብሎ ያነበበው ሰው አለ ማለት ነው።

እድገትም እኛ ዘንድ አለቃ መሆን ነው። ኮድ መጻፍ የሚወደው ልጅ ወይ የስብሰባ ሰው ይሆናል፣ ወይ ባለበት ይቀራል።

ደግሞ ልጆቹ ገና ግቢ እያሉ ነው ውጭ ውጭውን የሚያዩት። ኤቱኤስቪ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በነጻ እያሠለጠነ እንደ ጉግል ላሉ ድርጅቶች ኢንተርቪው ያዘጋጃል። ትልቅ ሥራ ነው የሠሩት፤ እኔም ጓደኞቼ ወጥተውበታል። አንቺ የምትቀጥሪው ልጅ ግን ዋጋውን አውቆ ነው የሚመጣው።

ይሄም ሆኖ ሪሞት ሥራ እንደሚወራው አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ለውጭ ድርጅት የሚሠሩ ልጆች ምን ይዋጣቸው? ጡረታ የለም። ማክሰኞ በኢሜይል አሰናብተውሽ ረቡዕ አካውንትሽ ሊዘጋ ይችላል። ሙሉ ቀን ከግድግዳ ጋር መዋልም አለ። ቢሮሽ ጄኔሬተርና ከሁለት ድርጅት የተሳበ ኢንተርኔት ካለው፣ ቡድኑም እርስ በርስ የሚዋደድ ከሆነ፣ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ሒሳብ ሲያወራርድ ያንንም ይደምረዋል።

የሰው_ኃይልና_ሕግ

እኔ ስለ ውሉ ብቻ ልበል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ለሥልጠና ያወጣችሁትን ገንዘብ በውል ማስመለስ አንድ ነገር ነው። ምንም ሳያሠለጥኑ ሰውን በቅጣት ማሰር ግን ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ብትሄዱ ጠበቃው ይበላችኋል፤ ብትረቱ እንኳ ሰውየው ተመልሶ ኮድ አይጽፍላችሁም። የቅጣቱ ወሬ ደግሞ በአንድ ቴሌግራም ግሩፕ ከተማውን ይዞራል። ከዚያ በኋላ ማን ሊያመለክት ይመጣል?

ስለ ጭማሪውም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ሰው 10,000 ብር ስትጨምሩለት፣ 35 በመቶው ግብር፣ 7 በመቶው ጡረታ ይሄዳል። እጁ የሚገባው 5,800 ብር ነው። እናንተ ደግሞ የ11 በመቶ ጡረታ ጨምራችሁ 11,100 ብር ታወጣላችሁ። ሥራ አስኪያጅዎ «ይህን ያህል ጨምሬለት ምነው አልተደሰተም?» ካሉ ይህን ሒሳብ ያሳዩዋቸው።

ሺንቹ_ነዋሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው እንቅልፌን ትቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። የምኖረው ታይዋን፣ ሺንቹ ከተማ ነው። ማስተርሴን ልማር መጥቼ ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ ኢንጂነር ሆኜ ቀረሁ። ዓለም ዛሬ የሚቀናባት ይቺ ከተማ አንቺ ያነሣሽውን ችግር በአገር ደረጃ ያየች ናት። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታይዋን ጎበዝ ተማሪ ለማስተርስ አሜሪካ ይሄዳል፤ ብዙው አይመለስም። ጋዜጣው ሁሉ ስለዚህ ያለቅስ ነበር አሉ።

ታዲያ ምን አደረጉ? በ1973 የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም አቋቋሙ። በ1976 አርሲኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቺፕ ቴክኖሎጂ ገዙ። ከመሣሪያው ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ ሰዎቹ ናቸው። ወጣት መሐንዲሶችን በቡድን አርሲኤ ላኩ። አንዱ ዲዛይን፣ አንዱ ማምረት፣ አንዱ ፍተሻ ተማረ። ሲመለሱ የሚገቡበት የሙከራ ፋብሪካ እየጠበቃቸው ነበር። «ሂድና ተማር፣ ከዚያ እናያለን» አልተባሉም። ከነዚያ ልጆች አንዱ ፃይ ሚንግካይ ነው፤ በኋላ ሚዲያቴክን አቋቋመ። የብዙዎቻችሁ አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በእነሱ ቺፕ ነው።

በ1980 የሺንቹ ሳይንስ ፓርክ ተከፈተ፣ ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጎን። አሁን የምነግርሽን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። በ1983 ፓርኩ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ክፍል ያለው። ለምን? ካሊፎርኒያ አሥራ ምናምን ዓመት የኖረ መሐንዲስ «ልመለስ» ቢል ልጁ ቻይንኛ ማንበብ አይችልም። ሚስት «ልጆቼስ?» ትላለች፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የትኛውም ደመወዝ ያንን ጥያቄ አይመልስም። ትምህርት ቤቱ መለሰው። እስከዛሬ በሩ ላይ ሳልፍ ይሄን ያሰበ ሰው ማን ይሆን እላለሁ። አስተዋይ ሰው ነበር።

ሞሪስ ቻንግ አሜሪካን ትቶ ታይዋን የመጣው በ1985 ነው፣ በ54 ዓመቱ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በተባለው የአሜሪካ ቺፕ ኩባንያ ውስጥ 25 ዓመት ሠርቷል። ታይዋን አሜሪካ ያገኝ የነበረውን ደመወዝ አቀረበችለት ብለሽ አታስቢ። የሰጡት ያንን የምርምር ተቋም በሙሉ እንዲመራ ነው። በ1987 ቺፕ አምራቹን ቲኤስኤምሲን መሠረተ። ትልቅ ሰው ትልቅ ሥራ ሲሰጡት ይመጣል።

ገንዘቡም አልተረሳም። የዚህ አገር የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ ከትርፋቸው ለሠራተኛው አክሲዮን ያከፋፍሉ ነበር። ግብሩ የሚታሰበው በገበያ ዋጋ ሳይሆን አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው 10 የታይዋን ዶላር ስለነበር፣ መሐንዲሱ ቤት ገዛበት። ከ2008 ወዲህ ሕጉ ጠብቋል፤ የትርፍ ክፍያ ግን ዛሬም አለ።

ሁሉ አልጋ ባልጋ ነው አልልሽም። እዚህ ሰው ይደክማል። ሌሊት ማሽን ሲቆም ስልኬ ይጮኻል፣ እነሣለሁ። ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ቲኤስኤምሲ ራሱ አሪዞና ላይ አይቶታል። የ40 ቢሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ይዞ ሳለ፣ በ2023 የሠለጠነ ባለሙያ ስላነሰው የመጀመሪያው ፋብሪካ ምርት ከ2024 ወደ 2025 እንደሚገፋ አስታወቀ። ከታይዋን ባለሙያ መላክ ግድ ሆነ።

የእናንተ ድርጅት ሺንቹ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ከሚለቀው ልጅ ጋር ቡና ጠጪና ስለ ቤቱ ጠይቂው። የታመመ ወላጅ አለው? ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣው እሱ ነው? ምናልባት ከጀርመኖቹ የሚፈልገው ዋናው ነገር «ከቤት» የሚለው ይሆናል። ያንን እናንተም መስጠት ትችላላችሁ።

ሲያትል_ሃበሻ

ሺንቹ ያለኸው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ እዚህ ክላውድ ላይ ነው የምሠራው። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

አክሲዮን እዚህ በአንዴ አይሰጥም። የተለመደው አሠራር በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ነው፤ ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ሩብ አንድ ዓመት ሲሞላሽ ይገባል። የቀረውን ጥለሽ መሄድ ያሳሳል። አራተኛው ዓመት ሲያልቅ ግን ብዙ ሰው ብድግ ይላል። ስለዚህ ጥሩ አለቃ ሳያልቅ በፊት አዲስ ይጨምራል። ሰው ደብዳቤ ካስገባ በኋላ የሚመጣ ጭማሪ ቂም ነው የሚያተርፈው። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ያሰኛል።

ሌላው፣ እዚህ ሰው ሳይመሩ ማደግ ይቻላል። አንድም ሠራተኛ የማይመሩ፣ ደመወዛቸው ግን ከብዙ ማናጀር የሚበልጥ ኢንጂነሮች አሉ። ከባድ ዲዛይን ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደነሱ ነው። ጎሮ ያለው ልጅ የተናገረው ችግር መፍትሔ ይሄ ነው። የአክሲዮኑ ነገር አገር ቤት እንዴት እንደሚሆን ግን ሕግ አዋቂው ይንገሩን።

የሰው_ኃይልና_ሕግ

ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ አባላቱ ከ50 መብለጥ አይችሉም። ለትንሽ ቡድን ይበቃል። ነገር ግን ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ሰነድ ማሻሻልና ማስመዝገብ አለ። ለጊዜው የሚቀለው በጽሑፍ የተቀመጠ የትርፍ ድርሻ ነው። በመቶኛው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ የለቀቀ ሰው ምን እንደሚያገኝ በግልጽ ይጻፍ። እንደ ደመወዝ ግብር እንደሚቆረጥበትም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሜክሲኮ_ባክኤንድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ5,800 ብሩን ሒሳብ ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየና የቅጣት ውሉን ተወው። የትርፍ ድርሻውን ለባለቤቶቹ አቀርባለሁ ብሏል። የደንበኛ ጥሪውን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በተራ አድርገነዋል። ተረኛው ጥሪ ብቻ ይቀበላል፤ ሌላው ሥራው ላይ ይውላል። ኮድም ሌላ ሰው ሳያየው አይገባም። ለሲኒየሮቹ ያለ አለቅነት የሚያድጉበትን ደረጃ እኔ ራሴ እየጻፍኩ ነው።

ከልጁም ጋር ቡና ጠጣን። እናቱ ኩላሊት እጥበት ላይ ናት፤ በሳምንት ብዙ ቀን የሚያመላልሳት እሱ ነው። አብረን ስንውል ይህን አለማወቃችን በጣም ከነከነኝ። ከቤት መሥራት እንደሚቻል ነገርኩት። ግን ቃል ሰጥቷል፣ ይሄዳል። በማስጠንቀቂያው ወር ጁኒየሯ ልጅ የወር መጨረሻውን ስሌት ኪቦርዱን ይዛ ራሷ ትሠራለች፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ያያል፣ ሲያስፈልግ ብቻ ይናገራል። ከሄደ በኋላስ በወር ጥቂት ሰዓት በክፍያ እንዲያግዘን መጠየቅ ያስነውራል?

ጎሮ_ከቤት

ምንም አያስነውርም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ግን አሁኑኑ ጠይቂው። ብዙ የውጭ ድርጅቶች ውል ውስጥ ሌላ ሥራ መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ አለ። ሳይፈርም በፊት ይህን ሥራ በስም ጠቅሶ እንዲፈቅዱለት ይጻፍላቸው፤ ከፈረመ በኋላ ይከብዳል። ሰዓቱንም የወሩ ማብቂያ ሌሊት ላይ አድርጉት። ጁኒየሯም ስለ ስሌቱ የምትጽፈውን ሰነድ ከአሁኑ ታስነብበው እንጂ በማስጠንቀቂያው ወር የመጨረሻ ሳምንት አይሁን። ስሌቱ ሆን ተብሎ መሀል ላይ ተቋርጦ በሙከራ ሰርቨር ላይ ብቻዋን ታስቀጥለው። ያን ጊዜ ነው ሰነዱ ምን እንደጎደለው የሚታየው።