ለበጌ የተወጋው ኦክሲቶሲን ግልገሏን ለምን አላስወደዳትም?

ጥያቄ፦ በግ አርቢ፣ ሱሉልታ

የተከበራችሁ አባላት፣ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ዳር ባለው ግቢዬ ስድስት በጎች አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ከመካከላቸው የበኩሯን የወለደችው ግልገሏን አንዴ አሽትታ ፊቷን አዞረች፤ ሊጠባ በቀረበ ቁጥርም በግንባሯ ትገፋዋለች። ምጡ ጠንቶባት ስለነበር የመጣው ባለሙያ ወገቧ ላይ ማደንዘዣ ከወጋት በኋላ ግልገሉን በእጁ ስቦ ነው ያወጣው። እንግዴ ልጁ ሲዘገይ ደግሞ ጭኗ ላይ ኦክሲቶሲን ወጋት። እንግዴ ልጁ ወጣ፤ ፍቅሩ ግን አልመጣም። ኦክሲቶሲን እናትን ከልጇ ጋር የሚያስተሳስር ሆርሞን ነው ሲባል ስለምሰማ መርፌው ለምን እንዳልሠራ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። የሴት ሆርሞን የሚባለው ኢስትሮጅንስ በዚህ ነገር ውስጥ ምን ድርሻ አለው?

መልስ 1፦ የፊዚዮሎጂ መምህር፣ ለገጣፎ

ጤና ይስጥልኝ። መርፌው ሠርቷል፤ የሠራው ግን ማህፀን ላይ ነው። ኦክሲቶሲን 9 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ሞለኪውል ሲሆን የሚመረተው አንጎል ሥር በሚገኘው ሃይፖታላመስ ውስጥ ነው። ከፊሉ በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ወደ ደም ገብቶ ማህፀንን ያኮማትራል፣ ወተትንም ያስለቅቃል፤ ከፊሉ ደግሞ እዚያው አንጎል ውስጥ ይለቀቃል። የእናትነት ጠባይን የሚያነሳሳው ይህ ሁለተኛው ነው። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ እንዲህ ያለውን ሞለኪውል በቀላሉ ስለማያሳልፍ ጭን ላይ ከተወጋው ውስጥ አንጎል የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ወደ ኢስትሮጅን ልምጣ፤ ጥያቄዎ የሚፈታው በእርሱ ነውና። በበግ እርግዝና ወራት እርግዝናን የሚጠብቀው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ከፍ ብሎ ይቆይና ወሊድ ሲቃረብ ይወርዳል፤ በዚያው ጊዜ ኢስትሮጅን ይንራል። ኢስትሮጅን ወደ ሴሉ ዘልቆ ገብቶ ከራሱ ተቀባይ (ሆርሞኑን ይዞ መልእክቱን ከሚያደርስ ፕሮቲን) ጋር ሲጣመር ጂኖችን ያነቃል። ተቀባዮቹ በዋናነት ሁለት ናቸው፦ አልፋ እና በ1996 በአይጥ የታወቀው ቤታ። በአይጥ አንጎል ኦክሲቶሲን ከሚያመርቱት የነርቭ ሴሎች ብዙዎቹ የሚይዙት ቤታን ነው። ኦክሲቶሲኑ ደርሶ የሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ በተለይም የሃይፖታላመስ የታችኛው መካከለኛ ክፍል፣ የኦክሲቶሲን ተቀባያቸውን የሚያበዙት ግን በአልፋ አማካይነት ነው፤ አልፋ የሌላቸው አይጦች ኢስትሮጅን ቢሰጣቸውም በዚያ ቦታ ተቀባዩ አይጨምርም። ስለዚህ ኢስትሮጅን በላኪውም በተቀባዩም ወገን እጁ አለበት፤ እኔ ግን የተቀባዩ ወገን ይበልጥ ይመዝናል ባይ ነኝ። ጂን ተነቅቶ አዲስ ተቀባይ እስኪሠራ ጊዜ ስለሚወስድ ነገሩ ከወሊድ በፊት መሰናዳት አለበት፤ በወሊዱ ዕለት የሚደረስበት አይደለም።

ይህ በሙከራ የታየ ነው። በ1979 ባልወለዱና እንቁልጢያቸው (እንቁላል አመንጪ ዕጢያቸው) በወጣላቸው ሴት አይጦች አንጎል ውስጥ ኦክሲቶሲን ሲጨመር የእናትነት ጠባይ ያሳዩት አስቀድሞ ኢስትሮጅን የተሰጣቸው ነበሩ። በ1980ዎቹ እንግሊዝ አገር በበጎች ላይ የተደረገው ደግሞ ከእርስዎ በግ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ ላላረገዙ በጎች ኢስትሮጅን ሰጥተው የማህፀናቸውን አንገት በእጅ ሲለጥጡ ለባዕድ ግልገል እናት መሆን ጀመሩ። በወሊድ ጊዜ ይህን የሚያደርገው የግልገሉ ራስ ነው፤ የመለጠጡ መልእክት በአከርካሪ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ኦክሲቶሲን በአንጎል ውስጥ እንዲለቀቅ ያደርጋል።

ወገቧ ላይ የተወጋው ማደንዘዣ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው። በምጥ መጀመሪያ በአከርካሪ ዙሪያ የሚሰጥ ማደንዘዣ በተለይ የበኩራቸውን በሚወልዱ በጎች የእናትነትን ጠባይ እንደሚያዳክም ታይቷል። የበግዎ አንጎል በኢስትሮጅን ተሰናድቶ ሳለ መልእክቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ምጡ ራሱ ያደከማት እንደሆነም አይታወቅም፤ ባለሙያው ያደረገውም ሕይወቷን ለማትረፍ ነውና አልወቅሰውም።

መልስ 2፦ የወተት ላም አርቢ፣ ሰንዳፋ

መምህሩ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር በሆርሞን ብቻ እንዳይመስለን። ያልወለደች ሴት አይጥ እንኳ ከአይጥ ግልገሎች ጋር ሳምንት ያህል ብትቆይ ያለ ምንም መርፌ ትንከባከባቸዋለች። ሁለትና ሦስት ጊዜ የወለደች በግም እንደ በኩረኛዋ በቀላሉ አትደናገጥም።

እናቴ ጥጃ የሞተባት ላም ወተት ስትከለክል የጥጃውን ቆዳ ገለባ ሞልታ ፊቷ ታቆምላት ነበር። ላሟ ስትልሰው ቆይታ ጡቷ ሲያግት በዓይናችን እናይ ነበር፤ ኦክሲቶሲኑ በማሽተትና በማየት ተጠርቶ መምጣቱ ነው። ላሟ ከተደናገጠች ግን የድንጋጤ ሆርሞን የሆነው አድሬናሊን ስለሚያግደው ወተቱ ይቀራል፤ እኛ ቤት ያን ጊዜ ልጅ እንዲጮህ አይፈቀድም ነበር።

ስለዚህ በጓን ከግልገሏ ጋር መዞሪያ በሌለው ጠባብ ቦታ ያስገቧት፤ እየያዙም ያስጠቧት። በግ የልጇን ሽታ የምታጠናው በወለደች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ጊዜው አልፏል፤ ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ። የሽርት ውሃው ገና ሳይደርቅ በአፍንጫዋ ላይ ቢቀባ ኖሮ ይበልጥ ይረዳ ነበር።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በአጥሩ ጥግ ከጣውላ ጠባብ ጋጥ ሠርቼ አስገባኋቸው። እኔ ቀንዷን፣ ልጄ ግልገሉን ይዘን በቀን አምስት ጊዜ እናስጠባዋለን፤ ሌሊት ብርዱ ስለሚያይል የላም ወተት በጡጦ እሰጠዋለሁ። ዛሬ ጠዋት በአራተኛው ቀን ሳትያዝ ለትንሽ ጊዜ ቆማ አጠባችው፤ ጭራውንም አሸተተችው። ከዚያ መልሳ ገፋችው። ሌላኛዋ በግ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፤ ምጧ ካልጠና በስተቀር ማደንዘዣ እንዳይወጋት ለባለሙያው አስቀድሜ እነግረዋለሁ።