ተማሪ ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር መግባት ይቻላል? (ለንደን)

የሌሊት ሺፍት፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ማታ ማታ ኬር ሆም ነው ምሰራው፣ ስለ ዲሞክራሲ ስለ ሰብአዊ መብት ስለ ሳይንስም ለህዝብ ክፍት ሌክቸር አለ ሲሉ ሰማሁ ግን መታወቂያ አሳዪ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ፣ የሄደ ሰው አለ?

ሆልበርን፦ እህቴ ምን ያስፈራል፣ ግሬሻም ኮሌጅ ሂጂ። በፈረንጅ ከ1597 ጀምሮ በነጻ ያስተምራል፣ ተማሪ አይመዘግብ ዲግሪ አይሰጥ፣ ስራው ይሄው ነው። ድሮ በላቲንም ነበር አሉ፣ አንቺ በእንግሊዝኛው ደረስሽ 😄 ኦንላይን ቦታ ያዢ፣ ካልተመቸሽ ዩቲዩብ ላይ አለልሽ። ኤልኤስኢ የሚባለው የለንደን ዩኒቨርሲቲም ለህዝብ ክፍት ሌክቸሩ አብዛኛው በነጻ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ከነስራ ልብሴ ገብቼ ኋላ በሩ ጋ ተቀመጥኩ፣ ዞሮ ያየኝም የለም። ደሞ በጥያቄ ሰአት «አጭር ጥያቄ አለኝ» ብሎ አስር ደቂቃ የሚያወራ ሰው እነሱም ጋ አለ ለካ፣ የኛ እድር ብቻ መስሎኝ ነበር

አንባቢ፦ ስለ መብት ከሆነ የኦክስፎርድ አምነስቲ ሌክቸሮችን (በሰብአዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ስም የሚጠሩትን) ፈልጊ፣ በፈረንጅ በ1992 ሲጀመር ርእሱ ነጻነትና ትርጓሜ ነበር፣ ፍልስጤማዊ አሜሪካዊው ምሁር ኤድዋርድ ሰኢድም ተናግሯል፣ በመጽሐፍ ወጥቷል።

ፊዚክስ ወዳጅ፦ ሳይንሱን ከነጻነት ጋር ያገናኘልኝ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፋይንማን ነው። በፈረንጅ በ1963 ሲያትል ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሶስት ምሽት ለህዝብ ሲናገር የመጠራጠር ነጻነት ከሌለ ሳይንስ የለም፣ የትኛው ሳይንስ እውነት እንደሆነ መንግስት ሊወስን አይችልም ነው ያለው ባጭሩ። ያኔ ቀዝቃዛው ጦርነት ጦፏል እኮ

የሌሊት ሺፍት፦ ተባረኩ፣ ሐሙስ ኦፍ ነኝ፣ ቦታ ያዝኩ