ጀጎል ውስጥ በውርስ ቤት ላይ ፎቅ መጨመር ይቻላል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ፣ ከአያታችን የወረስነው ቤት አለን። ሦስት ወንድማማቾች ከነቤተሰቦቻችን በአንድ ግቢ ስለምንኖርና ቦታው ስለጠበበን፣ ከዳር ባለው ክፍል ላይ በብሎኬት ሁለት ክፍል ለመሥራት ፈቃድ ብንጠይቅ «የቅርስ ክልል ነው» ተብለን በቃል ብቻ ተመለስን። ከእኛ ሁለት ግቢ አለፍ ብሎ ግን የኮንክሪት ፎቅ ቆሟል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

የጥገና መሐንዲስ፦
በመጀመሪያ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ በቃል በተነገረ ነገር ይግባኝ ማለት ያስቸግራል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና ሁሉ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ስለሚያዝ፣ የከተማው የግንባታ ፈቃድ ብቻውን አይበቃችሁም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብም ለግንቡና ለ82 መስጊዶቹ ብቻ ሳይሆን ለቤቶቹ የውስጥ አሠራር ጭምር ነው።

እኔን ግን ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብሎኬቱ ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ የገባበትን እርጥበት ቀስ እያለ ያወጣል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን ውሃው መውጫ ያጣና ጭቃውን ያላላዋል። ከጠገንኳቸው ቤቶች በአንዱ ልስኑን ስናነሣ፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ በጣት የሚዛቅ ሆኖ አገኘነው። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ኮንክሪት ሲጫን፣ ግድግዳውን የሚጋራው የጎረቤት ቤትም ሊሰነጠቅ ይችላል።

የጀጎል ነዋሪ፦
በብሎኬቱ ጉዳይ ከመሐንዲሱ ጋር እስማማለሁ። «ፎቅ የጀጎል አይደለም» የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ የሐረሪ ቤት ራሱ ላይኛው ክፍል፣ ማለትም ቀላ፣ አለው። የሕንድ ነጋዴዎች ያስገቡት ባለ እንጨት በረንዳ ፎቅም በጊዜው አዲስ ነበር፤ ዛሬ ግን ቅርስ ተብሎ ይጠበቃል። ለእኔ ዋናው ነገር መስኮቱ ወዴት ይከፈታል የሚለው ነው። ጎረቤታችን ወደ ግቢያችን የሚያይ መስኮት ካወጣ ወዲህ፣ እናቴ በርበሬ ለማስጣት እንኳ ሻርፕ ሳትደርብ አትወጣም። ደግሞ ሁሉንም ግንባታ መከልከል ልጆቹ ከግንቡ ውጭ ቤት እንዲፈልጉ እያደረገ ነው፤ ሰው የሌለበት የጭቃ ጣሪያ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ጠቅጥቆ የሚደመድመው ስለማይኖር ያፈስሳል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን በጽሑፍ እናስገባለን፤ ንድፉንም በድንጋይና በእንጨት፣ መስኮቱን ወደ ራሳችን ግቢ አድርገን እናስለውጣለን። ችግሩ ታናሽ ወንድሜ ብሎኬቱን አስቀድሞ ገዝቶ ደጅ ከምሮታል፤ እሱን የማሳምንበት ነገር ካላችሁ እጠብቃለሁ።