አስቸኳይ፦ ማስታወቂያ የሞላበት ገጽ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ሀንግ ያደርጋል፤ ራም ልጨምር ወይስ ፎርማት ይደረግ?

የኮፒ ቤቷ ልጅ (አራት ኪሎ)
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ክፍት የሥራ ቦታ የሚወጣበትን ገጽ ስከፍት ማሽኑ ቀጥ ይላል። ግራና ቀኝ የሚርገበገቡ ማስታወቂያዎች አሉ፤ እነሱ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ፋኑ ይጮኻል፣ ማውሱ ይጎተታል፣ ፎርም ላይ ስም ስጽፍ ፊደሉ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ወርድ ሳይቀር ይንቀራፈፋል። ዛሬ የማመልከቻ መዝጊያ ቀን ስለሆነ ሰው ተሰልፏል። ኔቱ ደህና ነው፣ በስልክ ሞክሬዋለሁ። አንቲቫይረስም ምንም አላገኘም። አንድ ባለሙያ ጋ ብደውል «ራም ጨምሪ ወይ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። የቱ ይሻላል?

ቀይ ሽቦ
ፎርማት አስደርጊው፣ ይገላግልሻል።

ሶኬት
ፎርማት ምን ይፈይዳል? ያው ገጽ ሲከፈት ያው ማስታወቂያ ነው የሚመጣው። እህቴ፣ ብሮውዘርሽ የቱ ነው? ዊንዶውስ ስንት? ራሙስ?

የኮፒ ቤቷ ልጅ (አራት ኪሎ)
ክሮም። ዊንዶውስ 10። 4 ጊጋ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 3 ነው።

ሶኬት
እሺ፣ ምንም ሳትገዢ መጀመሪያ የሚበላውን ለዪ። ክሮም ላይ ሆነሽ ሺፍትን እንደያዝሽ ኢስኬፕን ንኪ። የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የዊንዶውሱን አልመክርሽም፤ እሱ ላይ ሁሉም «ጉግል ክሮም» ስለሚል የቱ ታብ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። «ሲፒዩ» (ፕሮሰሰር) የሚለውን ራስጌ ስትጫኚ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደርልሻል።

«ታብ» ብሎ የሚጀምረው ገጹ ነው። «ሰብፍሬም» ብሎ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ መጥቶ ገጹ ውስጥ የተሰካ ነው፣ ብዙ ጊዜም ማስታወቂያ። ሲፒዩ የሚበላውን ሰብፍሬም መርጠሽ «ኤንድ ፕሮሰስ» በዪው። የማስታወቂያው ቦታ ባዶ ይሆናል፣ የሞላሽው ፎርም አይነካም። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። «ታብ» የሚለውን ከዘጋሽ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ፎርሙ እንደ ጉግል ፎርም በሰብፍሬም የገባ ከሆነም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ስሙን አንብበሽ ዝጊ።

ቀይ ሽቦ
እኔ አሁንም ፎርማት ነው የምለው።

የድሮ ቴክኒሻን
ልጆች፣ ነገሩ ከሥሩ ቢታወቅ ይሻላል። ማስታወቂያው በፋይል መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። 300 በ250 ፒክስል የሆነ ጂፍ (ተከታታይ ሥዕሎች የያዘ የሚንቀሳቀስ ምስል) ውሰዱ፤ የተለመደ የማስታወቂያ ልክ ነው። ስክሪን ላይ ለመሳል ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ አንዱ ፍሬም፣ ማለትም አንዱ ሥዕል፣ 300 ሺህ ባይት ነው። 60 ፍሬም ካለው 18 ሜጋ ሆነ። ብሮውዘሩ ወይ ይህን ሁሉ ሚሞሪ ላይ ያስቀምጣል፣ ወይ ደጋግሞ እየፈታ ፕሮሰሰር ይበላል።

በጃቫስክሪፕት የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ይብሳል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። የሳጥኑን ስፋት ወይም ቦታ እየቀያየረ የሚሠራ ማስታወቂያ ብሮውዘሩን አቀማመጡን በየጊዜው እንደገና ያስለካዋል። ፊደሉ ዘግይቶ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ኪቦርዱ ተራ እየጠበቀ ነው።

ብዙ ሰው የማያየውን አንድ ነገር ልጨምር። ዴቫይስ ማናጀር ውስጥ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ክፈቺ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) አልተጫነም ማለት ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ የሚሠራውን ሥዕል ሁሉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይሸከማል። ዊንዶውስ ተጭኖ ድራይቨር ሲረሳ የሚመጣ ችግር ነው። ፎርማት የምትሉት ነገሩን የሚያባብሰውም እንዲህ ነው።

ባለ ሱቅ
ማስታወቂያው ሰበብ ነው እንጂ ችግሩ 4 ጊጋው ነው። ክሮምና ወርድ አብረው ተከፍተው 4 ጊጋ አይበቃም። ሲሞላ ወደ ሀርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ ያ ነው ወርድን ያንቀራፈፈው። ራም ግዢ፣ አለቀ።

ሶኬት
ግማሹ ልክ ነህ። ግን የምታወራው ስለ ሚሞሪ ነው፣ ፋን የሚያስጮኸው ፕሮሰሰር ነው። 8 ጊጋ ብታደርገውም ማስታወቂያው ሲፒዩውን መብላቱን አይተውም። ደግሞ ከመግዛቷ በፊት የራሙ ዓይነት ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 ትይ፤ ጥርሱ ስለማይገጥም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ዲስክ» 100 ላይ ተጣብቆ ከሆነና ዲስኩ የድሮው ተሽከርካሪ ከሆነ፣ ከራሙ በፊት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ብትገዛ ይሻላታል።

የኮፒ ቤቷ ልጅ (አራት ኪሎ)
ሰብፍሬም የሚሉ ብዙ አሉ! ትልልቆቹን ዘጋሁ፣ ፋኑ ረገብ አለ። ግን ገጹን ሪፍሬሽ ሳደርግ ተመልሰው መጡ። ሌላ ደግሞ፣ ክሮምን ዝቅ አድርጌው እንኳ ከታች በቀኝ ጥግ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ይሄም ከዚያው ነው?

ፋይበር
አይደለም፣ የጥጉ ኖቲፊኬሽን ነው። ደንበኛ አንዱ ገጽ ላይ «አላው» ብሎ ሄዷል። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ግቢ። የተፈቀደላቸውን ዝርዝር አይተሽ የማታውቂውን ሁሉ አስወግጂ፣ ከላይ ደግሞ ገጾች ጥያቄ እንዳይልኩ አድርጊው። ብዙ ሰው የሚነካው ማሽን ላይ ይሄ ግዴታ ነው። የኤክስቴንሽኑንም (ክሮም ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ገጽ ክፈቺ፤ አንቺ ያልጫንሽው ካለ አጥፊው።

ተመልሶ ለሚመጣው ከክሮም ዌብ ስቶር «ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት» የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ጫኚ። የሠሪው ስም ሬይመንድ ሂል መሆኑን እይ፤ ስሙን የሚያስመስሉ ሌሎች አሉ። ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን በፋየርፎክስ ላይ ነው የሚሠራው፤ ክሮም የድሮውን የኤክስቴንሽን አሠራር ስላስወጣ እዚያ ላይቱ ነው ያለው። ፎርም መላክ እምቢ ካለሽ ለዚያ ገጽ ብቻ አጥፍተሽ ሞክሪ።

ባለ ሱቅ
ክሮም ራሱ ከባድ ማስታወቂያ ይዘጋ የለ እንዴ? ከ2020 ጀምሮ እኮ ነው።

ፋይበር
ይዘጋል፣ ወሰኑ ግን ሰፊ ነው፦ 4 ሜጋባይት ኔትወርክ፣ ወይም በማንኛውም 30 ሰከንድ ውስጥ 15 ሰከንድ ፕሮሰሰር፣ ወይም በጠቅላላው 60 ሰከንድ። የሚለካውም እያንዳንዱ ማስታወቂያ ለየብቻው ነው። ስድስቱ አንድ ገጽ ላይ ተደርድረው አንዳቸውም ወሰኑን ሳያልፉ ተጋግዘው አይ 3ን ያንበረክካሉ። ደንበኛው በስህተት አንዴ ክሊክ ያደረገውን ደግሞ ክሮም አይነካውም።

የድሮ ቴክኒሻን
ሱቁ ውስጥ ሌላም ማሽን ካለ ራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን (የገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታውን) ወደ 94.140.14.14 እና 94.140.15.15 ቀይሪ፤ ማስታወቂያ የሚከለክለው የአድጋርድ ነው። አብዛኛው ማስታወቂያ የሚመጣበትን አድራሻ ስለማይፈታ ሁሉም ማሽን ይገላገላል፣ ዳታም ይቆጥባል። ከገጹ ከራሱ አድራሻ የሚመጣውን ግን አይከለክልም። ክሮም ላይ «ሴኪዩር ዲኤንኤስ» በሌላ አቅራቢ ከተሞላም የራውተሩን አያየውም። የቀድሞውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።

ባለ ሱቅ
እነዚያ ገጾች በማስታወቂያ እኮ ነው የሚኖሩት። ሁሉም ከዘጋ ክፍት ሥራ ማን ይለጥፍልናል?

ሶኬት
ቆሞ የሚታይ ምስል ማን ከለከለ? የሚንቀሳቀሰውን ነው የምንለው። እህቴ፣ ዛሬ መዝጊያ ቀን ከሆነ ራውተር አትንኪ። ሰብፍሬሙን ዝጊ፣ ላይቱን ጫኚ፣ ፎርሞቹን ላኪ። የቀረው ነገ ይደርሳል።

ሚኒ ሚዲያ (አምባሳደር)
ይቅርታ፣ እኔም ጋ እንደዚሁ ነው፣ ግን ኤጅ ነው የምጠቀመው። ያው ነው?

ሶኬት
ያው ነው። ሺፍትና ኢስኬፕ እዚያም ይሠራል። እምቢ ካለህ ሦስቱን ነጥብ፣ «ሞር ቱልስ»፣ «ብሮውዘር ታስክ ማናጀር»።